ኪሎ ከሦስት መቶ

የሚጠሉትን ሰው በየማለዳው አቅፎ ሚዛን ላይ ማቆም ግዴታ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ነጭ ጋውኑን አውልቆ ወደ ቤቱ በሄደ። ሲስተር አልሄደችም። ኩራቷ አይፈቅድላትም። አምስት ቀን ሙሉ፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳይመጣ፣ ያችኑ አሮጊት በዚያው ሚዛን ላይ፣ በዚያው ስስ የሆስፒታል ልብስ ደግፋ ስታቆም ሰነበተች። ጥርሷን ነክሳ ነው፤ እጇ ግን ለስላሳ ነበር።

ሥራው ይህ ነው። የደከመ ልብ ደሙን እንደ ድሮው ገፍቶ አያዞርም። ያን ጊዜ ውሃ እግር ላይ ይቋጠራል፣ ሆድ ላይ ይወጣል፣ ሲብስም ሳንባ ገብቶ ትንፋሽ ይዘጋል። የውሃውን መጨመርና መቀነስ ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቀው ሚዛን ነው። በልብ ክፍል ውስጥ አድሮ ኪሎ የጨመረ ሰው ምግብ ተስማምቶት አይደለም።

አሮጊቷን ከተማው ሁሉ «እትዬ ሚዛን» ይላታል። ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ባለቤት ሆና ኖራለች። ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ጆንያ በዓይኗ መዝና ግን ግማሽ ኪሎ አትስትም። የሲስተር አባት በዚያ መጋዘን ሃያ ዓመት ጆንያ ተሸክሟል። ዛሬ ወገቡ ጎብጦ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዲህ እትዬ ሚዛን ታማ በቃሬዛ ስትገባ የተረኛዋን ነርስ ፊት አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ያንኑ ምላሷን አልተወችም።

«አባትሽ ጆንያዬን ተሸከመ፣ አንቺ ደግሞ እኔን ትሸከሚያለሽ። የዘራችሁ ነው።»

ሲስተር ኦክስጂኑን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለችላት።  መልስ ብትሰጥ ኖሮ የሚወጣው ቃል ስለ አባቷ ብቻ አይሆንም ነበር።

ነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የእትዬ ሚዛን አንድ ልጅ የመንገድ ቀያሽ ነው። እሱና ሲስተር ተዋደዱ፤ እንዲያው ተዋደዱ ብቻ ማለት ያንሳል፣ አንዱ ያላንዱ እህል አይቀምስም ነበር። ከዚያ ቀያሹ መኪና የማይገባበት፣ ስልክ የማይደርስበት ሩቅ ካምፕ ተመደበ። ሲስተር ያን ጊዜ ገና ተመርቃ ምደባ እየጠበቀች ነበር፤ ቤታቸውም የፖስታ ሣጥን የለውም። «በእናቴ ሣጥን እልክልሻለሁ» አላት ሲለያዩ። «ነግሬያታለሁ፣ ትሰጥሻለች። አድራሻዬን መጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ታገኚዋለሽ።»

ሲስተር ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመች። እትዬ ሚዛን ከሚዛኗ ቀና ሳትል «የለም» ትላታለች። አንድ ቀን ግን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። «ለኔ ጽፏል። ጸሐፊዬ ዛሬ የለም፣ እስኪ አንብቢልኝ።» ሲስተር ተቀብላ አነበበች። ስለ መጋዘኑ ጣሪያ ጠይቋል፣ ስለ እናቱ ጉልበት ጠይቋል። ስለ ሲስተር አንዲት ቃል የለችም። እስከ መጨረሻዋ መስመር፣ እስከ ፊርማው ድረስ ጮክ ብላ አነበበችላት። አሮጊቷ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና «ሰማሽ?» አለች። ሲስተር ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ሰውየውንም እናቱንም በአንድ ገመድ አስራ ሆዷ ውስጥ ቀበረቻቸው።

በስድስተኛው ማለዳ እትዬ ሚዛን ወገቧን ሳታስነካ፣ ክንዷን ብቻ አስይዛ ወጣች፤ ሚዛኑም ጉድ አወጣ። ትናንት ስልሳ አንድ ከሁለት መቶ የነበረው ስልሳ ሁለት ከአምስት መቶ ሆኖ ተገኘ።

ሲስተር ሁለቴ አየችው። ከዚያ አሮጊቷን አልጋ ላይ አስቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ከአምስት ቀን በፊት እንዲህ ስትጫነው ጣቷ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ይሰምጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ምልክት አልቀረም። የአንገቷ ሥር አልተነፋም። ጀርባዋን በማዳመጫ ሰማች፣ ሳንባዋ ንጹህ ነው። ከዚያ እጇን ያዘችና ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። የእትዬ ሚዛን የልብ ምት ሥርዓት አያውቅም፤ ሁለት ሮጦ አንድ ይዘላል። እንዲህ ያለው ደግሞ ሩብ ደቂቃ ቆጥረው በአራት የሚያበዙት አይደለም፣ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ስትቆጥር ደግሞ ሰው ሲያወራ አትወድም። ከጎን ያለችው ታማሚ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «ሲስተር ስትቆጥር ዝንብም ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትበረው» እያለች ክፍሉን ታስቅ ነበር።

ሰማንያ ስምንት። ደህና ነው። ታዲያ ኪሎ ከሦስት መቶው ከየት መጣ? ለታማሚዋ የተፈቀደላት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ነው፤ ራስጌዋ ያለው የውሃ ጆግ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ሲስተር ከዚህ ሌላ የታያት ነገር አልነበረም።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሌሊት ውሃ ጠጥተዋል?»

«አልጠጣሁም።»

«ተደብቀው ከቧንቧው ጠጥተው ከሆነ አልቆጣም። ማወቅ ግን አለብኝ።»

«ሰርቀሻል ነው የምትዪኝ?» አሮጊቷ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። «እኔን? የተሸካሚ ልጅ እኔን ሌባ ትበለኝ? ሚዛንሽ ይሆናል የሚሰርቀው። ሚዛንማ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ሚዛኑ ደህና ነው። ልብስ ሰፊዋን መዝኜበታለሁ፣ የትናንቱን ነው ያሳየው።»

«እንኳንም መሰከርሽልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወፈርሽ ብትዪኝ ኖሮ ዛሬ ከዚህ አልጋ አልወርድም ነበር።»

ማንም አልሳቀላትም። እትዬ ሚዛን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ብርድ ልብሷንም እስከ ደረቷ ሳበች። ሲስተር ያን ጊዜ ብልህ ብትሆን ኖሮ አንድ ነገር ባስታወሰች ነበር። ትናንት በጠያቂ ሰዓት የመጋዘኑ ጸሐፊ መጥቶ ነበር፤ «ልጅዎ ነገ ይገባል» ሲላት እትዬ ሚዛን ደንግጣ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ስታንሾካሹክ፣ እሱም ሮጦ ሄዶ ማምሻውን ሲመለስ አይታለች። ግን ንዴት ዓይን ይጋርዳል። ደግሞም «ልጅዎ ነገ ይገባል» የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላ ምን ይታያታል?

ዶክተሩ ሁለት ሰዓት ላይ ሲዞር ክብደቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። «ውሃ ይዛለች። የሚያሸናውን መርፌ እጥፍ አድርጊላት።»

«ዶክተር፣ የደም ግፊቷ ዘጠና በስልሳ ብቻ ነው። እግሯ ጎድሏል፣ ሳንባዋም ንጹህ ነው። ሚዛኑና ሰውነቷ አልተስማሙም።»

«ሚዛን አይዋሽም፣ ሲስተር።»

«እንደገና መዝኜ ልስጣት። ግፊቷ ወርዶ እጃችን ላይ ብትወድቅስ?»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። «እስከ አምስት ሰዓት» አለ። «አምስት ሰዓት ላይ ተመልሼ አያለሁ።»

ቀያሹ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሲስተር ከመድኃኒት ክፍሉ ትሪ ይዛ ስትወጣ፣ እሱም እናቱን አነጋግሮ ሲመለስ፣ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፀሐይ አክስሎታል፣ ከስቷል፣ ጫማው ላይ የሩቅ መንገድ አቧራ አለ። ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። እሱ ደግሞ አያት፣ አየና ዓይኑን ከላይ እስከ ታች እንደ በረዶ አሳለፈባት።

«እናቴን ሌባ ያሏት እርስዎ ነዎት?»

እርስዎ። በዚያ ሁሉ የሁለት ዓመት ጥላቻ ውስጥ ይህን አልጠበቀችም ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ሌባ አላልኳቸውም። ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።»

«አንድ ቃል መልስ መጻፍ ያቃተው ሰው የታመመች ሴት ላይ ሲሆን ምላሱ ይፈታል ማለት ነው።»

«የምን መልስ?» አለች ሲስተር።  «መልስ የሚጻፈው ለጻፈ ሰው ነው።»

ሳቀ፤ አስቀያሚ ሳቅ። «ይህንንም ይበሉ።» ከዚያ አልፏት ወደ ነርሶቹ ኃላፊ ቢሮ ገባ። በሩ ስላልተዘጋ ሁሉም ሰማ። እናቱን ሌላ ነርስ እንድትይዝለት ጠየቀ። ኃላፊዋ ለአሥራ ስምንት አልጋ ሁለት ነርስ ብቻ እንዳላት፣ ተራ እስኪቀየር እንዲታገስ ነገረችው። «እንግዲያው እኔ ከእናቴ አልጋ ሥር አልነቃነቅም» አለ።

ሲስተር ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።  እንዲህ ያለውን ሰው ነበር ሁለት ዓመት በየሌሊቱ ስታስብ የኖረችው?  ጽፎ እንደማያውቅ እያወቀ በሰው ፊት ይከሳታል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሚዛኑን እየገፋች ተመለሰች። ቀያሹን «ከመጋረጃው ውጭ ይቆዩ፣ ታማሚ ልመዝን ነው» አለችው፣ ወጣ። መጋረጃውን ዘጋች።

እትዬ ሚዛን «አልቆምም» አለች።

«ካልቆሙ መርፌው እጥፍ ይሆናል። ውሃ ካልያዙ ደግሞ እጥፉ መርፌ ያደርቅዎታል፣ ግፊትዎን ይጥለዋል። ከዚያ ወዲያ ልጅዎን ላያዩት ይችላሉ። ይምረጡ።»

አሮጊቷ ቆመች። ስትነሳ ግን ጉልበቷ ከዳት፣ ሲስተርም ወገቧን አፈፍ አድርጋ ያዘች። ያን ጊዜ መዳፏ ሥር ጠንካራ ነገር አገኘች፤ ጠፍጣፋና ወፍራም፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ወገቧ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር።

«አትንኪኝ።»

«ይፍቱት።»

«አትንኪ አልኩ።» የሹክሹክታ ጩኸት ነበር፤ መጋረጃው ማዶ ልጇ ቆሟል። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሲታገሉ የነጠላው ጫፍ ተፈታና አንድ ፖስታ አልጋው ላይ ወደቀ። ሰማያዊ ፖስታ። ያልተከፈተ። በላዩ ላይ የሲስተር ስም፣ በዚያች ወደ ግራ በምታዘነብለው እጅ ጽሑፍ። ከሥሩ «በእናቴ በኩል» ይላል።

 ከጥቅሉ ሌላ ሰማያዊ ጠርዝ ይታያል፣ ከሱም ሥር ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ።

«ስንት ነው?» አለች፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣላትም።

«አርባ አንድ» አለች አሮጊቷ። ነጋዴ ናትና ቁጥር ስትጠየቅ አፏ አይያዝም። «የመጀመሪያውን ፖስታ ጸሐፊዬ የማን ስም እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ መልኩን ለየሁት። ለሱም ‹ሰጥቻታለሁ፣ መልስ የላትም› ብሎ እንዲጽፍልኝ አደረግሁ።»

«ለምን አላቃጠሉትም?»

እትዬ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። «የልጄ የእጅ ጽሑፍ ነው። እንዴት አድርጌ አቃጥላለሁ? ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ሲመጣ ቤቱን ይፈትሻል ብዬ አስመጣሁት።» ከዚያ መልሳ ተቆጣች። «አሁን መልሺልኝ። ከነገርሽው ይህች ልቤ እዚሁ ቀጥ ትላለች፣ አስከሬኔን አንቺ ትገንዢዋለሽ። ምንም እንዳትዪ። ዝም አይነቅዝም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ደብዳቤውን ከልጇ ልትደብቅ ብላ ነፍሷን ለእጥፍ መርፌ አሳልፋ ልትሰጥ ነበር። ሲስተር መጋረጃውን ብትገልጠው አንድ ክንድ ነው። ሁለት ዓመት እንቅልፏን የነሳት ነገር አንድ ክንድ ማዶ ቆሟል። ልክ በዚያ ሰዓት አሮጊቷን ጠላቻት፤ ከልቧ፣ ያለ ምንም ምሕረት። ያም ሆኖ ጣቷ ሳያስበው የአሮጊቷ እጅ ላይ ነበር፣ ምቷም መሮጥ ጀምሯል።

ፖስታውን አንስታ ጥቅሉ ውስጥ መለሰችው። ጥቅሉን አልጋው ላይ አስቀምጣ አሮጊቷን መዘነች። ስልሳ አንድ ከሁለት መቶ። ቀጥላ ጥቅሉን ብቻውን መዘነች። ከዚያ አሮጊቷን አስተኝታ፣ ጥቅሉን ብርድ ልብሷ ሥር አስገብታላት ቻርቱን አነሳች።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ያየሁትን።»

«አትጻፊው።»

«ካልጻፍኩት መርፌው እጥፍ ይሆናል፣ እትዬ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጽፍም። ክብደቱን ግን እጽፋለሁ። እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሚዛን የጎደለበትን ሳይናገር አይቀርም።»

ዶክተሩ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ቀያሹ እንዳለው ከአልጋው ሥር ተተክሏል። ዶክተሩ ቻርቱን አንስቶ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበ። «ድጋሚ ክብደት ስልሳ አንድ ከሁለት መቶ። ልዩነቱ፦ በልብስ ሥር በወገብ ታስሮ የነበረ ጥቅል፣ ኪሎ ከሦስት መቶ።» ቀና ብሎ ሲስተርን አያት። «እጥፉን መርፌ ሰርዤዋለሁ። ደግ አደረግሽ። ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጉድ ሆነን ነበር።» ፈረመና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ቀያሹ ግን አላለፈም። «እማዬ፣ ምን ጥቅል ነው?»

«ነጠላ ነው። በርዶኝ።»

«ኪሎ ከሦስት መቶ የሚመዝን ነጠላ?» ወደ ሲስተር ዞረ። «እርስዎ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሩኝ።»

«የታማሚዬ ንብረት ነው። እሳቸውን ይጠይቁ።»

እትዬ ሚዛን ዓይኗን ከሲስተር ላይ አልነቀለችም። ስድብ ትጠብቅ ነበር፣ ክስ ትጠብቅ ነበር። ይህንን ዝምታ ግን አልጠበቀችም፣ ከስድቡም ይልቅ እሱ ከበዳት። ትንፋሿ አጠረ። ሲስተር ወዲያው የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገች፣ ኦክስጂኑን ጨመረችላት፣ እጇን ያዘችና ሰዓቷን አየች። «ማንም እንዳይናገር» አለች። «ልቆጥር ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ቀልዷን ያዘች። አንድ፣ ሁለት ሦስት፣ አራት። ምቱ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይሮጣል። ሃያ አካባቢ ስትደርስ አሮጊቷ በነጻው እጇ ብርድ ልብሷን ገለጠች። ሠላሳ አካባቢ ጥቅሉን ጎትታ አወጣች። ለልጇ አልሰጠችውም። ገፍታ ሲስተር ጉልበት ሥር አደረሰችው፣ ነጠላውም ተዘረገፈ።

ቀያሹ አየ። ሰማያዊ ፖስታዎቹን፣ የራሱን ጽሑፍ፣ አንዱም ያልተከፈተውን ማሸጊያ። ፊቱ ላይ የነበረው በረዶ ሁሉ በአንዴ ወረደ። አፉን ከፈተ፤ ሲስተር ዓይኗን ከሰዓቱ ሳታነሳ ጣቷን አነሳችበት፣ ዘጋው። በእንባ የተሞላ ዓይኑን ከፖስታዎቹ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ሲስተር አዞረ። መናገር አልተፈቀደለትም። ሁለት ዓመት ያልተባለው ሁሉ እዚያች ደቂቃ ውስጥ ታጭቆ ቆመ።

ስልሳ አራት፣ ስልሳ አምስት። ስልሳ... የሰዓቷ ቆጣሪ ደበዘዘባት። እንባዋ መሆኑን ያወቀችው ጠብታው አሮጊቷ እጅ ላይ ሲያርፍ ነው።

«ጠፋብሽ» አለች እትዬ ሚዛን።

«ጠፋብኝ።»

«እኔ አልጠፋብኝም። አርባ አንድ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ይቅርታ አልልሽም።»

«አልጠየቅኩዎትም።»

«ለኔ የሚጽፈው ስለ ጣሪያው ነው። በዚህ ውስጥ ምን እንደሚል ሁለት ዓመት አላወቅሁም።» ድምፅዋ አነሰ። «እስኪ አንዱን አንብቢልኝ።»

ሲስተር የዚያን ቀን የመጋዘኑን ደጃፍ አስታወሰች፤ ጮክ ብላ ያነበበችውን ወረቀት፣ «ሰማሽ?» የሚለውን ድምፅ። ቂሟ አልሞተም። ምናልባት አይሞትም።

«አላነብልዎትም» አለች። «ይህ የኔ ነው።»

ቀያሹ አንድ እርምጃ ቀረበ። «አንቺ...» አለ። «አንቺ» ማለቱ ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

«ዝም በል» አለችው ሲስተር። ከሁለት ዓመት በኋላ የነገረችው የመጀመሪያ ደግ ቃል ይህ ነበር። በአንድ እጇ ፖስታዎቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች፣ በሌላው የጠላቷን እጅ ሳትለቅ ይዛ፣ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ሰዓቷን አየች።

«ዝም በሉ ሁላችሁም። አልጨረስኩም።»

ከአንድ ጀመረች።